የነፋሲት አጋሮች

ኪዳን ወደ ጋሸና የሄደ ዕለት ዳግማዊት የሆቴሉን ምግብ ቤት ስትጠርግ አንድ ወንበር ከጠረጴዛው ለይታ ግድግዳ አስጠጋች። ከእሱ በፊት የምሥጋናውን አስጠግታ ነበር። አራት ሆነው ይከቡት የነበረው ጠረጴዛ የሁለት ሰው ሆኖ ቀረ፤ የእሷና የጥበቃው የጋሽ የሻው።

ሆቴሉ ላሊበላ ከተማ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ዳግማዊት የተቀጠረችው እንግዳ ለመቀበል ነበር። እንግዳው ሲጠፋ ግን ሥራዋ አልቀለለም። ሠራተኛው አንድ በአንድ ሲለቅ፣ የለቀቀው ሰው ሥራ ሁሉ እየተንከባለለ መጥቶ እሷ ጋ ይቆም ጀመር። ጠዋት የባዶዎቹን ክፍሎች መስኮት ትከፍታለች። አንሶላው ሻጋታ እንዳይዘው ታናፍሳለች። ቧንቧውን ከፍታ ዝገቱ ወርዶ ውሃው እስኪጠራ ቆማ ትጠብቃለች። ስልክ ይጮሃል፤ አንዱ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው የያዘውን ክፍል ይሰርዛል። ቤቷ ስትገባ ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ውሃው፣ ገበያው፣ ምድጃው ሁሉ የሚጠብቀው እሷን ነው። "ደክሞኛል" የሚለው ቃል አፏ ላይ ከመልመዱ የተነሳ ሰው እንደምን ዋልሽ ሲላት በእግዜር ይመስገን ፋንታ እሱ እንዳያመልጣት ትፈራ ነበር።

አራቱ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ይጫወቱበት የነበረውን ካርታ የተዉላቸው ባልና ሚስት እንግዶች ናቸው። በጉሙ ምክንያት በረራቸው ሲሰረዝ፣ ሚስትየዋ ከሻንጣዋ አንድ ወፍራም ሣጥን አውጥታ ሥራ የፈቱትን ሠራተኞች ጠራች፤ አስቀምጣም አስተማረቻቸው። ሰማዩ ተገልጦ ሊሄዱ ሲሉ ሣጥኑን በእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ገፋ አድርጋ "የእናንተ ነው" አለች።

ካርታ ሲባል ኮንከር እንዳይመስል። በዚህኛው ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ ሁሉም ባንድ ወገን ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ልዩ ኃይል ያለው አንድ ጀግና ይይዛል፣ ለጀግናውም የካርታ ክምር ይሠራለታል። ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሳይሆን የራሱ የጠላቱ ክምር ነው። በየዙሩ ከዚያ ክምር ካርታ ይወጣል፤ ጠላቱም ወይ ጀግኖቹን ይመታል፣ ወይ ሴራውን አንድ እርምጃ ወደፊት ያራምዳል። ጠላቱ ከወደቀ ሁሉም አሸነፉ፤ ሴራው ከሞላ ሁሉም ተሸነፉ። እነሱ ዘወትር የሚገጥሙት ጠላት ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ የከተማውን መብራት እየለቀመ ጠርሙስ ውስጥ የሚከት ቀጭን ሰውዬ ነው። "መብራት ሰብሳቢው" ብለው ስም አወጡለት። መብራት ድንገት ድርግም ባለ ቁጥር ኪዳን ከወጥ ቤት ሆኖ "መጣላችሁ ሰውዬው!" እያለ ይጮህ ነበር።

አስጎብኚው ምሥጋናው የየካርታውን ቃል በአማርኛ እየጻፈ በፕላስተር ለጥፎበታል። እሱ ራሱ ሴራ የሚያከሽፈውን ባለመነጽር ጀግና ይይዝ ነበር። ወጥ ቤቱ ኪዳን ፈዋሹን ይይዛል። ጋሽ የሻው ግንቡን፣ ድንጋይ አካል ያለውንና ለሌሎች የተሰነዘረውን በትር የሚቀበለውን ያዙ፤ "የጥበቃ ሥራ ነው፣ ይስማማኛል" ብለው ነበር የመረጡት። ዳግማዊት ነፋሲትን፣ በነፋስ ላይ የምትሄደውን ልጅ ያዘች። ነፋሲት መምታት ታውቃለች። ሌላውን ሌሎቹ ስለሚያውቁት መምታት ይበቃት ነበር።

ምሥጋናው አዲስ አበባ ሄዶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ኪዳን ጋሸና መገንጠያው ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያበስል ምግብ ቤት ተቀጠረ። የቀሩት ሁለቱ ክረምቱን ተጫወቱ፤ ተሸነፉ። እንደገና ተጫወቱ፤ እንደገና ተሸነፉ። ነፋሲት ትመታለች፣ ግንቡ በትሩን ይቀበላል፣ ሴራው ግን የሚይዘው ሰው አጥቶ ጸጥ ብሎ ይሞላል።

"እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሽ የሻው?" አለች አንድ ቀን ካርታዎቿን ጠረጴዛው ላይ ጥላ። "ሴራውን ልያዝ ስል መምቻ አጣለሁ። ልምታ ስል ሴራው ያመልጠኛል። አንድ ሰው ነኝ።"

"አንድ ሰውማ ምን ይሆናል" አሉ ጋሽ የሻው። የፍልሰታ ጾም ነበርና ከቅዳሴ መልስ ቆሎ ይዘው ነው የተቀመጡት።

በማግስቱ እንደ ልማዷ መስኮቶቹን ከከፈተች በኋላ ሣጥኑን አወጣችና ያሉትን ካርታዎች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አራት ሆነው ሲጫወቱ ብዙም ትኩረት ያልሰጡት አንድ ዓይነት ካርታ ነበር፤ አጋር የሚባለው። አጋር ከጀግናዋ ጎን የሚቆም ሰው ነው። ይመታል፣ ወይ ሴራውን ይገታል፣ ወይ ለጀግናዋ የመጣውን በትር በእሷ ፈንታ ይቀበላል። ብቻ በረዳ ቁጥር ከጉልበቱ ይቀነሳል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ወደ መጣያው ይሄዳል። ካንድ ጀግና ጎንም ከአራት በላይ መቆም አይችሉም። ሰው ከጠረጴዛው ከጎደለ ሰው ከካርታው ይምጣ፣ ብላ አሰበች።

የነፋሲትን የመምቻ ካርታዎች አብዛኞቹን አውጥታ በምትካቸው አጋር ሞላችበት። የምሥጋናውንም የኪዳንንም ክምር ፈትታ ትልልቆቹን ሰበሰበች፤ ጦር የያዘችውን ንግሥት፣ ባለክንፉን ወታደር፣ ቤት የሚያህለውን ግዙፍ።

ጋሽ የሻው በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩዋት ቆዩና ጠጋ አሉ።

"ሰው ብቻ ሞላሽበት?"

"ሰው ብቻ።"

"ይህን ሁሉ ማን ሊቀልበው ነው?"

ሳቀች። ያን ቀን ከሰዓት ሲጫወቱ ግን ሳቁ አልቆየም። አንድን አጋር ወደ ጠረጴዛው ለማውረድ ከእጅ ሌላ ካርታ መክፈል ያስፈልጋል፤ ለትልልቆቹ ደግሞ እጅ ሙሉ። ንግሥቲቱን ለማውረድ ወታደሩንና ግዙፉን ከፈለቻቸው። ንግሥቲቱ ሁለቴ ረድታ ደከመችና ሄደች። ከዚያ በኋላ ዳግማዊት በእጇ የከበሩ ሰዎች ይዛ፣ አንዳቸውንም ማውረድ አቅቷት፣ መብራት ሰብሳቢው ከተማውን ሲያጨልመው ተቀምጣ አየች።

"ድግስ ጠርተሽ እንጀራ እንዳጣሽ ነው የሆነው" አሉ ጋሽ የሻው። ስለ ሽንፈቱ ያሉት ይኸው ብቻ ነበር፤ የበር ደወል ሰምተው ተነሱ። እንግዳ አልነበረም፤ ነፋሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ቀን አንሶላ እያጠፈች ታስበዋለች፤ የእናቷን እግር በቅባት እያሸች ታስበዋለች። ትልልቆቹን መለሰቻቸው። በምትካቸው ተርታ ሰዎችን መረጠች፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ጋዜጣ አዟሪዋን፣ የታክሲ ሹፌሩን፣ የሰፈሩን ውሻ ሳይቀር። ዋጋቸው አንድ ካርታ ነው፣ ጉልበታቸውም ትንሽ ነው፤ ግን ይመጣሉ። "ማረፊያ ቤት" የሚል ካርታም አገኘች፤ እሱ ካለ አምስተኛ አጋር ማቆም ይቻላል። ከመጣያው አንድ አጋር መልሶ የሚጠራም አገኘች። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ነርሷ ነበረች፤ ጠረጴዛው ላይ በወረደች ጊዜ የደከመ አጋር ጉልበት የምትመልሰው። ሣጥኑን ገለበጠች፣ መሳቢያውን አየች፣ ምንጣፉን አነሳች። ነርሷ የለችም።

ምሥጋናው ጋ ደወለች። ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"ዳግም! ሰላም ነው? እማማ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። ነርሷን አይተሃታል?"

"የቷን ነርስ?"

"የካርታዋን።"

የምሥጋናው ሳቅ ፈነዳ። "እኔ ቦሌ ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ አንቺ ነርስ ትፈልጊያለሽ!" ሳቁ ቆመና ድምፁ ዝቅ አለ። "የአጋር ክምር እየሠራሽ ነው? እኔ ሁሌ ልሠራው እል ነበር እኮ። መብራት ሰብሳቢው ላይ እንዴት ሆነ?"

ነገረችው። እሱም መኪናውን ጥግ አስይዞ አወራት። ጋዜጣ አዟሪዋን ለመምታት እንዳትጠቀምባት፣ ሴራ ለመግታት ብቻ እንድታስቀምጣት ነገራት። ውሻው በትር ለመቀበል ነው አላት። ስለ ራሱ ስትጠይቀው "መኪና ውስጥ ነው የምውለው፣ መኪና ውስጥ ነው የምበላው፤ አንዳንዴ ላሊበላ ዳገት ወጥቼ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ይናፍቀኛል" አለ። ተሳፋሪ መጣና ተቋረጡ።

ቀጥላ የደወለችለት ኪዳን ግን ገና ነርስ ስትለው ገባው።

"እኔ ጋ ናት" አለ አፍሮ። "ስሄድ ለማስታወሻ ይዣት ወጣሁ። ከሣጥኑ አንዲት ብትጎድል ማን ያውቃል ብዬ።"

"አንተ! ከስንቱ ካርታ እሷን?"

"አጎቴን ያክሙት የነበሩት ሲስተር ቁርጥ እሷን ነው የሚመስሉት። አሁን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ናት። ነገ በሚኒባስ እልካታለሁ።"

ሚኒባሱ በነጋታው ዝናብ ላይ ደረሰ። ረዳቱ የላስቲክ ከረጢት አቀበላት፤ በውስጡ በሶ፣ ከበሶው ላይ በፌስታል የተጠቀለለች ነርስ። ጠርዟ ላይ ዘይት ነክቷታል፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። ዳግማዊት በልብሷ ጠረገቻትና ከክምሩ ጨመረቻት።

ፍልሰታ ተፈትቶ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት ነበር የተቀመጡት። ውጭው ጉም ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ገደሉም ሸለቆውም የለም፣ ነጭ ብቻ። ጋሽ የሻው ሥጋ በልተው ደስ ብሏቸዋል። ካርታውን በወዙ፣ አሳለፉላት፣ ጀመሩ።

ክምሩ እንዳሰበችው ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው ወረደ። ሹፌሩ ተከተለው። ጋዜጣ አዟሪዋ ሴራውን እየጎተተች ስታስቀር፣ ነፋሲት በነፃ እጇ መታች። መብራት ሰብሳቢው ክንዱን ሲያነሳ ውሻው ዘሎ በትሩን ተቀበለ፤ ጋሽ የሻው "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ማረፊያ ቤቱ ወጣ። ነርሷ ወጣች፤ የደከመውን ሹፌር አቆመችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ሞልቶ ታየ። ዳግማዊት አንገቷን አቅንታ ስትቀመጥ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ጎብጣ እንደነበር ታወቃት።

ጠላቱ ግን በቀላሉ አልወደቀም። ዙሩ ረዘመ። ውሻው ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው ሄደ። ጋዜጣ አዟሪዋን ከመጣያው መልሳ ጠራቻት፤ መጥታ እንደገና ደከመችና ሄደች። ሹፌሩም ተከተላት። በመጨረሻ ከነፋሲት ጎን የቀረችው ነርሷ ብቻ ሆነች፤ የቀራት ጉልበትም የአንድ ጊዜ ነው። መብራት ሰብሳቢው ሊወድቅ አንድ በትር ቀርቶታል። ነፋሲት ግን በዚህ ዙር መታ ጨርሳለች፤ የምትመታው በሚቀጥለው ነው። ሴራውም ሊሞላ አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

ማድረግ ያለባት ግልጽ ነበር። ነርሷ መምታት አትችልም፤ ሴራውን ግን ትገታለች፣ ጉልበቷ ያልቃል፣ ትሄዳለች። ከዚያ ነፋሲት መትታ ያሸንፋሉ።

ዳግማዊት እጇን ካርታዋ ላይ አድርጋ ቀረች።

"በይ እንጂ" አሉ ጋሽ የሻው።

"ትንሽ ትረፍ።"

"ማን?"

"እሷ ናታ።"

"ካርታ እኮ ናት፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽ የሻው። ካርታ መሆኗን አውቃለሁ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ግን ሁሉም ሲሄድ እሷን ነው የሚጠሩት። የወደቀ ታነሳለች፣ ሴራ ትይዛለች፣ አሁን ደግሞ የቀረቻትን ያቺን አንዲት ነገር አምጪ ይሏታል። አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ደክሞሽ ይሆን አላላትም። አልችልም። አላደርገውም፣ እንሸነፍ።"

ጋሽ የሻው ከእንግዲህ ካርታውን አላዩም፤ ያዩት እሷን ነው። የነርሷን ቆብ መሳይ ሻሿን፣ በሳሙና የሻከረ እጇን፣ ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት። ባዶ ሆቴል ውስጥ አብረው ሲውሉ አይተውት የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ እንዲህ ተሰብስቦ ግን አልታያቸውም ነበር።

"እንግዲያው ወደ እኔ ይምጣ" አሉ።

"ምኑ?"

"ግንቡ እኮ የሴራውን እርምጃ በራሱ ላይ መሸከም ይችላል። ምሥጋናው ጽፎበታል፣ አንብቢው።"

አነበበችው። "ይችላል፤ ግን ጉልበትዎ አይበቃም። ይወድቃሉ። ከጨዋታው ይወጣሉ።"

"ልውጣ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ተቀምጬ አያለሁ።"

ግንቡን በራሳቸው እጅ ገልብጠው ወደ መጣያው አኖሩት። የጠላቱ ካርታ ተገለጠ፤ እርምጃው ግንቡ ላይ አረፈ፣ ሴራው ሳይሞላ ቀረ። ዙሩ ወደ ዳግማዊት መጣ። ነፋሲት መታች። መብራት ሰብሳቢው ወደቀ። ነርሷ የቀረቻትን ጉልበት እንደያዘች ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ጋሽ የሻው እጃቸውን ሊያጨበጭቡ አነሱና መለሱት። ዳግማዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እያለቀሰች ነበር። የደስታም የኀዘንም ልቅሶ አይደለም፤ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ የሚያወጣው ዓይነት ነው። እስክትጨርስ ጠበቋት። ቢልባላ ያለውን እርሻቸውን፣ አዝመራ ሲደርስ ለልጆቻቸው ትተው የሚመጡትን እያሰቡ የተበተኑትን ካርታዎች ሰበሰቡ። ከዚያ "ለአቶ ምናለ ደውይ" አሏት። "ፈቃድ ጠይቂ። ከተቀጠርሽ ጀምሮ ወስደሽ አታውቂም።"

"ቤቱንስ?"

"ቤቱን እኔ እጠብቀዋለሁ። መስኮት መክፈት ለእኔ ምን ያቅተኛል?"

አቶ ምናለ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ስልኩን ሲያነሱ ሰው ጋ ነበሩ መሰል ተቻኩለዋል።

"ፈቃድ? አሁን? መስከረም ሲጠባ እንግዳ ቢመጣስ?"

"መስከረም ሳይጠባ እመለሳለሁ፣ አቶ ምናለ።"

"ማንን ተክተሽ?"

"ጋሽ የሻው አሉ።"

"ጥበቃው ስልክ ሊያነሳ ነው?"

ዳግማዊት እንደ ወትሮው እሺ ይቅር ልትል አፏን ከፈተች። ጋሽ የሻው በሩ ጋ ሆነው ያዩዋታል። "ያነሳሉ" አለች። "ካላነሱም ተመልሶ ይደወላል። እኔ ደክሞኛል፣ አቶ ምናለ።"

ሳምንት ጠይቃ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ብለው ሰጧት። ማጉረምረማቸው እስከ መጨረሻው ባይቀርም ሰጧት።

ጎረቤቷ ፈትሂያ፣ ጨርቅ ሻጯ፣ ለእናቷ ውሃ ልትቀዳላቸው፣ ጠዋትና ማታም ልታያቸው ተስማማች። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል "እኔን ጥለሽ?" ይላሉ ብላ ስትፈራ፣ "ሂጂ፣ እህቴን ሳሚልኝ፤ ይቺ ፈትሂያ ካንቺ ይልቅ ወሬ ታመጣልኛለች" አሏት።

አክስቷ የምትኖርበት ሙጃ ስትደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። አክስቷ ዓለምእሸት በር ላይ ተቀብላ ሁለት ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት፣ እግሯን አጠበቻት፣ የባቄላ ወጥ አቀረበችላት፤ ለምን መጣሽ አላለቻትም። ያን ዕለት ፀሐይ ሳትገባ መደብ ላይ ጋደም አለች።

ስትነቃ ረፍዷል። ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ አለ፤ ገበያ የሚሄዱ አህዮች በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። አክስቷ በሩን ከፈት አድርጋ አንገቷን አስገባች።

"ዳግም፣ ሴቶቹ መጥተዋል፤ ገብሱን ልንለቅም ነው። ትረጂን ይሆን?"

ዳግማዊት ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ወደ በሩ ዞረች። እግሯ ለመነሳት ቀድሞ ተንቀሳቅሷል። አስቆመችው።

"አክስቴ፣ ዛሬ አልችልም።"

የአክስቷ ፊት ሲለወጥ ለማየት ጠበቀች። ዓለምእሸት ግን መለስ ብላ ገብታ የወደቀውን ጋቢ አነሳች፣ እግሯ ላይ ጣል አደረገችላት፣ "ታዲያ ተኚያ" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ውጭ ሆና ለሴቶቹ "ልጅቷ ደክሟታል፤ ድምፃችሁን ቀንሱ" ስትል ተሰማ። ሴቶቹ ቀነሱ። ገብሱ ሰፌድ ላይ ይንሸራሸራል፤ ዳግማዊት ወደ ግድግዳው ዞረች።